የገድ ወንበር

እሁድ ጠዋት ቫና የታጠበ አንሶላ ታቅፋ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ባሏ ኦሪያኖ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገርበብ አድርጎ፣ ግማሽ ፊቱ የሳሙና አረፋ እንደለበሰ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «አይዞሽ፣ ቫና አትገባም። ማድ ቤት ነው የምትሆነው» ይላል። «አንቺ ብቻ ከወንበሩ ንቅንቅ እንዳትዪ።» ከዚያ ሳቀ። ቫና እንዲህ ያለ ሳቅ ከአፉ ሲወጣ ከሰማች ብዙ ጊዜዋ ነው። ድሮ፣ ሞተር ብስክሌቱ ላይ አፈናጦ በእርሻው መንገድ ሲያዞራት የሚስቀው ሳቅ ነበር። በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለችው የማታውቃት ሴት ብትሆን ኖሮ ገብታ ስልኩን ከእጁ ትነጥቀው ነበር። ግን የማታውቃት ሴት አይደለችም፤ የገዛ ታናሽ እህቷ ሎሬዳና ናት። ቫና አንሶላውን ይዛ ሰገነቱ ላይ ወጣች፣ በዚያ ሁሉ ጉም እንደማይደርቅላት እያወቀችም አሰጣችው።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ነው። ቀያዮቹ መኪኖች የሚሠሩበት ፋብሪካ ከከተማችን በብስክሌት የሚደረስበት ቦታ ስለሆነ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ወይ እዚያ ይሠራል፣ ወይ እዚያ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፣ ወይ ልቀጠር ብሎ እምቢ ስላሉት እስከ ዛሬ አኩርፏል። ቀዮቹ በፎርሙላ ዋን ያሸነፉ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል። የተሸነፉ እሁድ ደግሞ ሰው ራቱን ሳይበላ ይተኛል። ሃይማኖተኞች ነን ብዬ አልዋሽም፤ በገድ ግን አጥብቀን እናምናለን። ከእነ ቫና በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ኤርሜስ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሞተር ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ጤነኛ ሰው፣ የዘንድሮው ውድድር ከተጀመረ ወዲህ ቀይ ሹራቡን አላጠበም። ገዱ ከሳሙናው ጋር ይሄዳል ብሎ ነው። ሚስቱ ቤቴ አይገባም ስላለች ሹራቡ ደረጃው ላይ ሚስማር ተመትቶለት እዚያ ያድራል፤ እኛም ስንወጣና ስንወርድ አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን እንጂ አንድም ሰው ይታጠብ ያለ የለም።

የቫና ገድ የተወሰነው በዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ላይ ነው። ቀዮቹ ወደ ኋላ ቀርተው ሳለ ቫና የመረቁን እሳት ለመቀነስ ከወንበሯ ተነሣች። ሎሬዳና መነጽሯን ረስታ ስለነበር ቀረብ ብላ ለማየት ክፍት ያገኘችው የእህቷ ወንበር ላይ፣ ከኦሪያኖ አጠገብ፣ ተቀመጠች። በዚያው ዙር ልጃችን (ሾፌሩን ሁሉም ሰው ልጃችን ነው የሚለው) ሁለቱን ከፊቱ ያሉትን አልፎ መሪ ሆነ። ቫና ጭልፋዋን እንደያዘች ምን ተፈጠረ ብላ ብቅ ስትል ኦሪያኖ፣ ሎሬዳናና ውድድሩን ሊያይ የወረደው ኤርሜስ ባንድ አፍ «ውጪ!» ብለው ጮኹባት። ያን ቀን ስቃ ተመለሰች። በሁለተኛው ውድድር ኦሪያኖ «ለዛሬም ብቻ» ብሎ ለመናት፤ አሸነፉ። ከዚያ ባርሴሎና ላይ ጨው ልታቀብል አንድ እግሯን ብታስገባ የልጃችን ጎማ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሕግ ሆነ። ሎሬዳና ወንበሩ ላይ፣ ቫና ማድ ቤት፣ በመካከል ያለው በር ዝግ። ደግሞ ሎሬዳናን ባሏ ከሞተባት ወዲህ እሁድ እሁድ ብቻዋን እንዳትበላ ብላ የጠራቻት ራሷ ቫና ናት።

ኦሪያኖ ከእህቷ ጋር ምንም እንዳላደረገ ቫና ታውቃለች። ያደረገው ማውራት ነው፤ እሷን የሚያቃጥላትም ይኸው ነው። ከሚስቱ ጋር ስለ ማሞቂያው ያወራል፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል፣ የመኪናው ቁልፍ የት እንዳለ ይጠይቃል። ከሎሬዳና ጋር ግን ዓመቱን ያወራል። ሰኞ ይደውልላታል፤ ያ መቅደም ትክክል ነበር ወይ፣ ያኛው ሾፌር ሆን ብሎ ነው የገፋው፣ ጎማውን አንድ ዙር ቀደም ብለው ቢቀይሩ ኖሮ። ሐሙስ ደግሞ እሷ ትደውላለች። በእራት ሰዓት አንድ ነገር ትዝ ሲለው ለብቻው ፈገግ ይላል። ቫና «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «ኧረ ምንም፣ አንቺ አላየሽውም» ይላታል። በዚህ ዓመት ከሰማቻቸው ቃላት ሁሉ አንጀቷን ያሳረራት ይኼ «አላየሽውም» የሚለው ነው። ማን እንዳታይ እንዳደረጋት የረሳው ይመስላል።

ከቁርስ በኋላ ሥጋ ቤት ወረደች። ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነው፤ ብራዚል ላይ ልጃችን ካሸነፈ ሻምፒዮና የእኛ ነው፤ ስለዚህ ከተማው በሙሉ ለእራት እንግዳ ጠርቶ ሰልፉ በሩን አልፎ መንገዱ ላይ ወጥቷል። ባለ ሥጋ ቤቷ ኢልቫ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ሞርታዴላ የሚባለውን ቋሊማ ትቆርጣለች፣ ዋጋውንም ሻምፒዮና ሳይመጣ ሻምፒዮን አድርጋዋለች፤ አሥራ ስምንት ዩሮ የነበረው ሃያ ሁለት ገብቷል፣ ግን ዛሬ የሚከራከራት የለም። ወረፋው ውስጥ አንዱ የሞንዛን ውድድር ያነሣል፣ ሌላው የሞናኮን። አንዲት አሮጊት እንኳ ስለ ኋላ ጎማ ሙቀት ትናገራለች። ቫና አንገቷን እየነቀነቀች ቆመች። የሞንዛው ለት የታየውን ሁሉም ሲያወራው ዓይኗን ጨፍና ለማየት ትሞክራለች፣ የሚታያት ግን የማድ ቤቷ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ቫና፣ እህትሽ እኮ ትናንት እዚህ ቆማ የሞንዛውን የመጨረሻ ኩርባ ብትተርክልን፣ ሰው ሥጋውን ረስቶ ሊሄድ ነበር!» አለች ኢልቫ። «ከየት ተማረችው በይ? አንቺስ ያን ሰዓት እንዴት ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ፣ እንደ ሰዉ ነው የሆንኩት» አለች ቫና።

«እንደ ሰዉማ አይደለሽም፤ እናንተ ቤት ገድ አለ ይላሉ። ሎሬዳና እግሯ እርጥብ ነው፣ ቤታችሁ ከገባች ወዲህ ነው ቀዮቹ የቀናቸው አይደል? እሷን ነው አደራ፣ ዛሬ ጉንፋን እንዳይዛት!»

ወረፋው ሳቀ። ቫናም ሳቀች፣ መልሷን ሳትቆጥር ኪሷ ከተተች፣ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ጥርሷን ነክሳ ነበር። ታናሿ በሕፃንነቷ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ልብስ ቢሆን፣ ጫማ ቢሆን፣ ከእናታቸው የቀረው የወርቅ ሰንሰለትም ቢሆን ሰጥታታለች፤ ስትሰጣትም አንድ ቀን ቅር ብሏት አያውቅም። አሁን ግን ያቺ ሴት ከንቱ የጣውላ ወንበር ላይ መቀመጧ እያንገበገባት፣ መንገዱን በሙሉ ከራሷ ጋር እየተጣላች ወጣች።

ሎሬዳና ከሰዓት በኋላ ጊዜው ሳይደርስ መጣች። ኦሪያኖ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በሩን ለመክፈት ሮጠ። ቀይ ሻርፕ አድርጋለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች፣ በብብቷ የስፖርት ጋዜጣ ይዛለች። ገና ኮቷን ሳታወልቅ «ዝናብ ይጥላል ይላሉ» አለችው፤ እሱም «ዝናብማ ከሆነ ሁለተኛ ሆኖ ቢነሣ ይሻለዋል» አላት። ኮሪደሩ ላይ እንደቆሙ ጋዜጣውን ባንድነት ይዘው ማንበብ ጀመሩ። ቫና በማድ ቤቱ በር ታያቸዋለች። ከዚያ ሎሬዳና ልርዳሽ ብላ ገባችና ጠረጴዛው ጋ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ሥጋ እየሞሉ ጣት ላይ የሚታጠፈውን ትንንሹን የሊጥ ምግብ፣ ቶርቴሊኒን፣ ሁለቱም ከእናታቸው ነው የተማሩት፤ የሎሬዳና ግን እንደ ልጅነቷ አሁንም አፉን ይከፍታል። ቫና የእህቷን እያነሣች መልሳ ታጥፋለች። የሚሰማው የመረቁ ድስት ክዳን ሲንቀጠቀጥና ሳሎን ውስጥ ኦሪያኖ ወንበሮቹን ወለሉ ላይ በጠመኔ ባሠመረው ምልክት ላይ ሲያስተካክል ብቻ ነበር።

«ሎሬዳና» አለች ቫና በመጨረሻ፣ ዓይኗን ከሊጡ ሳታነሣ። «ዛሬ እንቀያየር። መረቁ አልቋል፣ አንቺ ማማሰል ብቻ ነው። እኔ ልቀመጥ።»

ሎሬዳና እጇ ሊጡ ላይ ቆመ። «እኔማ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ኦሪያኖ ግን ምን ይላል? ይሄን ሁሉ ደርሰን?»

«እሱን ተዪው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ቫና፣ አንቺ እኮ ድሮም አትወጂውም ነበር ውድድሩን። ዓይንሽን እየጨፈንሽ ነበር የምታዪው።»

«እየጨፈንኩም ቢሆን ከጎኑ ነበርኩ።»

ሎሬዳና ዱቄቱን ከእጇ አራገፈች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ «ኤርሜስ የመጣ መሰለኝ፣ ሹራቡ ሸተተኝ» ብላ ተነሣች። ስትወጣ ግን ዞር አለች፤ ድምጿም የእውነት ለስላሳ ነበር፦ «ዛሬ ካሸነፍን ኦሪያኖ በሚመጣው ዓመትም እንዲሁ እንቀጥላለን እያለ ነው። አትቀየሚኝ፣ እሺ? እኔ ከእሁድ በቀር ምን አለኝ?» ቫና ሊጡን ማጠፍ ቀጠለች። በሚመጣው ዓመትም የሚለውን ግን ጆሮዋ ደግሞ ደጋግሞ ሰማው።

ውድድሩ ሲጀመር ውጭው ጨልሞ ነበር። ቫና የተዘጋውን በር እያየች ቆመች። ማድ ቤቷ ጠባብ ነው፤ ምድጃው፣ ጠረጴዛው፣ ማቀዝቀዣው፣ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች የሚማጸኗት የቅድስት ሪታ ሥዕል፣ ሌላ ነገር የለም። ከበሩ ወዲያ የሞተሮቹ ጩኸት፣ ከዚያ በላይ የተራኪው ድምፅ፣ ከዚያ በላይ የእህቷ ድምፅ፦ «ሂድልኝ! ሂድልኝ ልጄ!» የኦሪያኖ ድምፅ ደግሞ ዝቅ ብሎ፦ «ተረጋጊ፣ ተረጋጊ፣ ጎማውን እየቆጠበ ነው፣ አንቺ ራስሽ ነሽ ሞንዛ ላይ ያልሽኝ።» ከዚያ ሁለቱ ባንድ ላይ ሳቁ። ኤርሜስም ሳቀ፣ ግን ቫና የሰማችው ሁለቱን ነው። ልጃችን እየመራ ነበር። እንዲህ ከቀጠለ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወሉ ይደወላል፣ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጨፍራል፣ እሷ ደግሞ በሚመጣው መጋቢት ይህችኑ በር እያየች ትቆማለች፣ በዚያ በሚመጣውም። አሸናፊ ገድ እስከ መቃብር አይቀየርምና።

ይሸነፉ፣ አለች በሆዷ።

ደነገጠች። አባቷ በዚያ ፋብሪካ ብረት ሲያቀልጥ የኖረ ሰው ነው፤ የተቀበረውም ቀይ ባንዲራ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ተነጥፎለት ነው። በዚህ ከተማ ሴት ባሏን ብትከዳ ይወራባታል፣ ከጊዜ በኋላም ይረሳላታል፤ ይህን ግን ማንም አስቦት የሚያውቅ አይመስላትም። አማተበች። ጭልፋዋን አንሥታ መረቁን አማሰለች። ያን ጊዜ ሎሬዳና «ዝናብ! ዝናብ መጣ!» ብላ ጮኸች፣ ኦሪያኖም «እጅሽን ስጪኝ፣ እጅሽን ስጪኝ» አላት። ቫና ጭልፋዋን አስቀመጠች። ቅድስት ሪታን ፊት ለፊት አየቻት፣ በግልጽ፣ በአፏ፣ ቃሉን ሳትውጥ «ይሸነፉ» አለች። «ይሸነፉና ወንበሬ ይመለስልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ብዙ አልቆየም። ተራኪው አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ሳሎኑ ጸጥ አለ። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። «ተንሸራተተ» አለ ኤርሜስ፣ እንደታመመ ሰው። «አለቀ። አሸዋው ውስጥ ገባ።» ቫና ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ ደስ አላት። መደበቅ አያስፈልግም፣ በጣም ደስ አላት። ከመጋቢት ወዲህ ይህን ያህል የተደሰተችበት ቀን የለም። ሽርጧን ፈታች፣ ፀጉሯን በእጇ ወደ ኋላ መለሰች፣ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይታወቅባት ትሪ ያዘች፣ በሩን በክርኗ ከፍታ ገባች።

የገመተችው ነገር አልጠበቃትም። ሎሬዳና እዚያው ወንበር ላይ ናት፣ ታለቅሳለች። ጭንቅላቷ የኦሪያኖ ትከሻ ላይ ነው። ኦሪያኖም ዓይኑ እንባ አቅርሮ እጇን ይዟል፣ «ሞንዛ ትዝ ይልሻል?» እያለ፣ «ሞንዛ ላይ እንዴት አልፎት ነበር፣ እንዴት!» ይላታል። ሲያሸንፉ አብረው ይስቁ ነበር፤ አሁን አብረው እያዘኑ ነው፣ ይኼኛው ደግሞ ከሳቁ ይበልጣል። ቫና ትሪዋን ይዛ ቆመች። ሐዘኑም የእነሱ ነው። ዓመቱን ያላየ ሰው በምን ያለቅሳል? ሎሬዳና ቀና ስትል እህቷን አየቻትና አፍንጫዋን እየጠረገች ተነሣች። «ነይ ተቀመጪ» አለቻት። «ገዱ አልቋል፣ ውሰጂው።» ቫና ተቀመጠች። ወንበሩ ሞቅ ብሎ ነበር። ወዲያው ኦሪያኖ ብድግ አለና ሎሬዳናን ተከትሎ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ ስለ ጎማው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለዚያች ኩርባ ዝቅ ባለ ድምፅ ማውራት ቀጠሉ። ቫና በወንበሯ ላይ፣ ሌሎቹ መኪኖች አሁንም የሚዞሩበት ቴሌቪዥን ፊት፣ ብቻዋን ቀረች።

«ኦሪያኖ፣ የት ቦታ ነው የተንሸራተተው?» አለች።

«ተዪው ቫና» አላት ሳይዞር። «አላየሽውም።»

ያን ጊዜ ቫና ትሪዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ?» አለ ኤርሜስ።

«እኔ ነኝ ያደረግሁት። ማድ ቤት ሆኜ ይሸነፉ ብዬ ጸለይኩ። ቅድስት ሪታን ለመንኳት።»

ሎሬዳና አፏን በእጇ ያዘች። «ቫና! አባባ ይሄን ቢሰማ!»

«አባባ ቢኖር ወንበሬን አያስነጥቀኝም ነበር!»

ኤርሜስ ኮፍያውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ካለበት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ኦሪያኖ ከመስኮቱ ዞረ። ቫና ይጮህብኛል፣ ወይ ኮቱን ለብሶ ይወጣል፣ ምናልባትም ከእንግዲህ አያናግረኝም ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ቀስ ብሎ መጣና ቴሌቪዥኑን ዘጋው። በውድድር ቀን በእጁ ቴሌቪዥን ሲዘጋ አይታው አታውቅም።

«በስንተኛው ዙር ላይ?» አላት።

«ምን?»

«የጸለይሽው። ስንተኛው ዙር ላይ ነበር?»

«እኔ ዙሩን በምን አውቄ? በሩን ዘግታችሁብኝ! ሎሬዳና ዝናብ መጣ ብላ ስትጮህ ነው።»

«እመቤቴ ማርያም!» አለ ኤርሜስ። «ወዲያው ነው እኮ! ሁለት ዙር እንኳ አልሄደም!»

«አንዴ ነው ያልሽው ወይስ ደጋግመሽ?» ኦሪያኖ ወንበሩን ስቦ፣ የጠመኔውን ምልክት ረግጦ፣ ጉልበቱ ጉልበቷን እስኪነካ ድረስ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ በሆዴ። ከዚያ በአፌ።»

«በሆድሽ ስትዪ ነው ዝናቡ የመጣው» አለ ኤርሜስ። «በአፏ ስትል ተንሸራተተ! ይቺን ሴት ነው ማድ ቤት ከትተን የኖርነው? በሚመጣው ዓመት እዚህ፣ መሀላችን ነው የምትቀመጠው፤ ከዓይናችን አትርቅም!»

ሎሬዳና ከመስኮቱ ጋ «እንዴ፣ የእውነት ታምናላችሁ?» አለች።

«ሞናኮስ?» አለ ኦሪያኖ። ሞናኮ ላይ ሁለተኛ ነበር የወጡት። «ሞናኮም አንቺ ነሽ?»

«ሞናኮ ላይ አልጸለይኩም። ሞናኮ ላይ አለቀስኩ።»

«ለምን?»

«እናንተ ስትስቁ።»

ኦሪያኖ አያት። ይህን ዓይነቱን ነገር ምን እንደሚያደርጉት የሚያውቅ ሰው አይደለም። ከዚያ እጁን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ፣ «እሺ፣ ጀርመንስ?» አላት። ነገሩ እንዳልገባው ቫና ገባት። ግድ አልሰጣትም። ጀርመንን ነገረችው፤ ኤርሜስ ሲያስለው፣ እሱ ራሱ ወለሉን ሁለቴ ሲረግጥ፣ ከዚያ ሁሉም ሲጮኹ። ከበሩ ወዲያ ሆና የሰማችውን ዓመት በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ ከመጋቢት ጀምራ ትነግረው ጀመር፤ እሱም ወደ ፊት አጎንብሶ «ከዚያስ? ከዚያስ?» ይላታል። ከባርሴሎናው ጨው ላይ ስትደርስ ንግግሯን ሳታቋርጥ ዞር ብላ እህቷ እያየቻቸው እንደሆነ አረጋገጠች። እያየቻቸው ነበር።